ከማስነጠሴ በፊት

ባለቤቴ ገጣጣ ነው። ይህን የምጽፈው ራሱ አንብቦት፣ ስቆ፣ «ከዚሁ ጀምሪ» ስላለኝ ነው። ሲስቅ የላይኛው ጥርሱ ሁሉ ከፊቱ ቀድሞ ይወጣል። ሳቁም እንደ ጥርሱ ነው፤ አይደበቅም።

የተዋወቅነው በዚያው ሳቅ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁና ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ መሳቅ ጀመርኩ። ዞሬ ሳይ አንድ ቀጭን ወጣት የሌላ ተሳፋሪ ዶሮ ታቅፎ ተቀምጧል፤ ዶሮዋ ጭኑ ላይ እንቁላል ጥላበታለች። ባለቤትየዋ «እንቁላሉ የኔ ነው» ስትል እሱ «እሺ እናቴ፣ ግን ያማጠችው እኔ ላይ ነው» ይላታል። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ከፈለጋችሁ እኔ ልፍረድ፤ ሥራዬ ነው» አልኩ። መሐል ሜዳ እስክንደርስ ስናወራ ሄድን። እሱ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እኔ ደግሞ ጤና ጣቢያ ከተመደብኩ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበር። ከዓመት በኋላ ተጋባን።

የተጋባነው በጥር ነው። ጥር በእኛ አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ እያበራ፣ ነፋሱ ግን አጥንት የሚቆጥርበት ወር ነው። ፎቶ አንሺው «ከጓሳ የተሻለ ቦታ የለም» ብሎ ከነሚዜዎቻችን ወደዚያ ሣራማ ደጋ ወሰደን። ቬሎዬ እጅጌ አልነበረውም። ፎቶ በማንነሳበት ጊዜ ሁሉ የሚዜዬን ጃኬት እደርባለሁ፤ «ተዘጋጁ» ሲል አውልቄ እሰጣታለሁ። ራቅ ብለው ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር እየነጩ ያዩናል። እነሱን ቢያንስ ፀጉራቸው ያሞቃቸዋል።

ባለቤቴ ከደረቀው ሣር አንድ ዘለላ ነቀለና ከጆሮዬ በላይ ሰካልኝ። አበባ መሆኑ ነው።

«ኧረ ተው! ያለ ጊዜው የጓሳን ሣር ነቀለ ብለው በሠርግህ ቀን እንዳይቀጡህ» አለው ሚዜው። የጓሳ ሣር በአገሬው የተጠበቀ ነው፤ ጊዜው ደርሶ ካልተፈቀደ አይነካም።

«ተያዩ!» ብሎ ጮኸ ፎቶ አንሺው። «ሙሽራው ሳቅ! ሙሽሪት ዓይን ዓይኑን እዪው!»

ባለቤቴ ለመሳቅ አይለመንም፤ ሳቀ። በዚያው ቅጽበት ነፋሱ መጣና የሣሩን ገለባ አፍንጫዬ ውስጥ ሞጀረው። ሊያስነጥሰኝ ሲል አንዱ ዓይኔ ተጨፈነ፤ ሌላው በግማሽ እንደተከፈተ ሙሽራዬን ከላይ እስከ ታች ያየዋል። አፍንጫዬ ተነፋ። የላይኛው ከንፈሬ በአንድ ወገን ተሰብስቦ ሽቅብ ወጣ። ካሜራው ቀጭ አለ። ከዚያ አስነጠስኩ፤ ሚዜዎቹ በአንድ ድምፅ «ይማርሽ!» አሉ፤ ወደ ሌላ ቦታ አለፍን። ማስነጠሴን ግን ካሜራው አልያዘውም።

ፎቶ አንሺው ለሌላ ደንበኛ ማሳያ እንዲሆነው ከሥራዎቹ መርጦ ገጹ ላይ ለጠፈ። ያቺኛዋን ለምን እንደጨመራት እስካሁን አላውቅም። ስጠይቀው «ሕይወት አላት» ነው ያለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሚዜዬ «ጉድሽን እዪ» ብላ ላከችልኝ። አንድ የማናውቀው ሰው ፎቶዋን ወስዶ ከላይዋ ጽፎባታል፦ «መብራት መጣ ብለሽ ከጮኽሽ በኋላ ተመልሶ ሲጠፋ።»

ባለቤቴ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ፊቴ ልክ መብራት የጠፋበት ሰው ፊት ነው። ከዚያ ሌላው መጣ፦ «አምስት ደቂቃ ብሎሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመጣ።» ቀጥሎ፦ «ዛሬም ሽሮ ነው ሲባል።» ባለቤቴ አዲስ በመጣ ቁጥር ለሥራ ባልደረቦቹ ይልካል፤ አንዱን እንዲያውም ራሱ ሠርቶ ነበር፦ «ቲቸር ፈተናውን አላረምኩትም ሲል።» የኛ ፎቶ ከመንዝ ወጥታ አገር እየዞረች መሆኑን እንደ ወግ እናወራው ጀመር።

ሥራ ቦታም ተከተለችኝ። አንድ ቀን ከገጠር የመጣች እናት ምጥ ተፋፍሞባት አልጋውን ጨብጣ ስትጮህ ቀረብ ብዬ «በርቺ፣ ደርሰሻል፣ እኔን እዪኝ» አልኳት። አየችኝ። ጩኸቷን አቋረጠች።

«ወይኔ! አንቺ የስልኳ ሙሽራ አይደለሽም?»

«ነኝ፤ አሁን ግፊ።»

«እትዬ፣ ኑ! የስልኳ ሙሽራ ናት የምታዋልደኝ!» ብላ በር ላይ የቆመችውን እህቷን ተጣራች። በሳቅና በምጥ መሐል አንዲት ደህና ሴት ልጅ ተወለደች። በሙያዬ እንዲህ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ነገሩ መልኩን የለወጠው ሰው በፎቶዋ መቀለድ ትቶ ስለ እኛ ማውራት ሲጀምር ነው። ከፎቶዋ ሥር አስተያየት የሚሰጡት በዙ። «ምስኪን፣ በግድ ድረዋት ነው፤ ፊቷ ይናገራል» አለ አንዱ። «ምን አይታ አገባችው?» አለች ሌላዋ። ቀጥለው ወደ ጥርሱ ሄዱ። «ጥርሱ ቀድሞ ደርሶ ነው ቤተ ክርስቲያን የጠበቀው።» «ቆርቆሮ መክፈቻ በነፃ አገኘች።» ከዚህ የባሰም አለ፤ አልጽፈውም። አንዱ ሲጽፍ ሌላው የበለጠ ለማሳቅ ይጨምራል፤ ሁሉም ከፎቶዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች እንዳሉ የረሳ ይመስላል።

ባለቤቴ መጀመሪያ «ተያቸው» አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየ። ጥርሱን ብቻ ቆርጠው ስቲከር ሠርተው በክፍሉ ቴሌግራም እየተላላኩት ኖሯል። ያን ቀን ቤት ሲመጣ ምንም አልነገረኝም፤ በኋላ ነው ያወቅኩት። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር። ማታ ማታ አንድ የሚያስቅ ነገር ስነግረው እጁ ወደ አፉ ይሄዳል። መጀመሪያ እያዛጋ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በፊት አፉን ሸፍኖ አያውቅም፤ ያ ከሚኒባስ ኋላ የሰማሁት ሳቅ በመዳፉ ሥር እየታፈነ ትንሽ ሳል ይመስል ጀመር። ከዚያ እሱም ቀረ። ክፍል ውስጥም ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ነው የሚያስተምረው ብለው የሥራ ባልደረቦቹ ነገሩኝ።

ስልኬን አንስቼ ከነዚያ አስተያየቶች ሥር «ባለቤቴ ነው። ወድጄ ነው ያገባሁት። ጥርሱንም እወደዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ቤት በድንጋይ እንደሚደበደብ መልሱ ወረደብኝ። «ስልኩን አስገድደው አስያዟት!» አሉ። የጻፍኩትንም አንስተው ከፎቶዋ አጠገብ ለጠፉትና አዲስ ቀልድ ሆነ።

ባለቤቴ ያን አርብ ማታ አየው። እራት ቀርቦ ነበር።

«ማን መልሺላቸው አለሽ?» አለኝ።

«እንዴት ዝም እላለሁ? ሲሰድቡህ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«ይኸው አባባስሽው።»

እንጀራው ሳይቆረስ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወደኔ ሳያይ፣ «እውነት ግን... ያን ጊዜ ምን እያሰብሽ ነበር?» አለኝ።

«የት ጊዜ?»

«ፎቶው ላይ።»

ያልሰማሁ መሰለኝ። «ሊያስነጥሰኝ ነበር። አጠገቤ ቆመህ የለ እንዴ? ሣሩን የሰካኸው አንተ አይደለህ?»

«አውቃለሁ። ማስነጠስሽንም አስታውሳለሁ። ግን ደጋግሜ ሳየው... እንጃ። ያ ሁሉ ሰው ሲያየው ተመሳሳይ ነገር ይላል።»

ከሰደቡን ቃል ሁሉ ያ «እንጃ» በለጠብኝ። «አንተም?» ብዬ ተነሳሁና ገብቼ ተኛሁ። እሱም ሳሎን ቀረ። በተጋባን ወር ከምናምናችን የማያውቁን ሰዎች ተሰብስበው አጣሉን።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችንም ሥራ ስላልነበረን ቤት ውስጥ እየተላለፍን ሳንነጋገር እንንቀሳቀሳለን። እሱ ግቢ ወጥቶ ንጹሕ ጫማውን ያጥባል፤ እኔ ንጹሕ ብርጭቆ አጥባለሁ። «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ከራቤል፣ ከባለቤቴ አገር። አንዱ የእናቱ ወንድም፣ ባለቤቴን በአባት ፈንታ ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። ሁለተኛው የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስ ናቸው። ሦስተኛው ረዘም ያሉ፣ በሠርጋችን ላይ መርቀውን የነበሩ የሰፈሩ አዛውንት ናቸው። ለካ አርብ ማታውኑ መሐል ሜዳ ገብተው ዘመድ ቤት አድረዋል። መስቀል ተሳለምን። በርጩማ ባወጣም፣ ወንበር ብስብም የሚቀመጥ ጠፋ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አልኩ።

«የለም ልጄ» አሉ ቄሱ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም፤ እህል ውኃም አንቀምስም።»

ባለቤቴና እኔ ከማታ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ማታ የተጣላነውን ራቤል ማን አደረሰው?

«እንዴት ሰማችሁ?» አለ ባለቤቴ ሳያስበው።

አጎቱ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አላልኩዎትም አባ? ይኸው ራሱ አመነ።» ከዚያ ወደኔ ተመለሱ፤ ድምፃቸው አዘነ። «ልጄ፣ እናቱ ምን በደለችሽ?»

«እናቱ?»

«ያቺ ሴት እናንተን ማስቸገር አስባ አታውቅም። ቤት አላት፣ በግ አላት፣ ገብሷን ታጭዳለች። ልትመጣ ነው ብሎ ልጇ ቢነግርሽ እንኳ በሰው ፊት እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

ምንም ሊገባኝ አልቻለም። አጎቱ ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ የልጃቸውን ስልክ አወጡና በጥንቃቄ ፈቱት። ያቺው ፎቶ ናት። እኔ ያን ፊት ይዤ፣ ባለቤቴ ያን ሳቅ ይዞ፣ ከላይ ደግሞ በትልቁ ተጽፏል፦ «እናቴ እኛ ጋ ልትኖር ነው ሲላት።»

የአጎቱ ልጅ ከጓደኞቿ ደርሷት እየሳቀች ጮክ ብላ ስታነበው አማቴ በአጋጣሚ እዚያው ቤት ነበሩ። እሳቸው ስልክ ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ዜና ይመስላቸዋል። «እንዲህ ብላለች?» ብለው ቤታቸው ሄደው አለቀሱ። አጎቱም ጉዳዩን ይዘው ቄሱንና አዛውንቱን ለሽምግልና ጠየቁ።

«አጎቴ፣ ይሄ ቀልድ ነው» አለ ባለቤቴ። «ሰዎች ፎቶ ይወስዱና የፈለጉትን ይጽፉበታል። እሷ እንዲህ አላለችም፤ እኔም እናቴ ልትመጣ ነው ብዬ አላውቅም።»

«ማን ፈቀደላቸው?» አሉ ቄሱ።

«ማንም።»

«የሚያውቋችሁ ናቸው?»

«አያውቁንም።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያላለችውን አለች ማለት ነዋ። በሐሰት መመስከር ብለን ነበር የተማርነው፤ ቀልድ መባሉን አልሰማሁም ነበር።»

«ይሁን» አሉ ረጅሙ አዛውንት። ብዙ ክርክር የዳኙ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። «ጽሑፉ ሐሰት ነው እንበል። ፊቱስ? ፊቱን የጻፈው የለም፤ ያንቺ ነው። ይሄ ፊት ከየት መጣ?»

«ሊያስነጥሰኝ ነበር» አልኩ።

ሦስቱም በትሕትና ያዩኛል፤ አንዳቸውም ግን እንዳላመኑኝ ገባኝ። ባለቤቴን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

እዚያው ቆሜ እልህ ያዘኝ። የአዛውንቱን ጣት ሳይ ቡናማ ነገር ጫፉ ላይ አየሁ፤ በሥራዬ የሰው እጅ ማየት ልማዴ ነው።

«አባባ፣ ሱረት ይዘዋል?»

«እኔ? ሱረት?» አሉና ወደ ቄሱ ሰረቅ አድርገው አዩ። ቄሱ ጣራውን ማየት ጀመሩ።

«ካለዎት ያምጡት» አሉ ቄሱ ዓይናቸውን ከጣራው ሳያነሱ። «ለምስክርነት ነው። ስለ ሌላው መንገድ ላይ እንነጋገራለን።»

ከጋቢያቸው ሥር ትንሽ የቀንድ ዕቃ ወጣች። እኔ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ሰው ይህን የትምባሆ ዱቄት በአፍንጫው እንዳይስብ ስመክር ነው የኖርኩት። ቆንጠር አደረግኩ። ባለቤቴን ክንዱን ይዤ ጎትቼ ፊቴ አቆምኩት። «እንደዚያ ቀን ቁም። አጎቴ፣ እርስዎ ስልኩን ከፊቴ አጠገብ ይያዙልኝ፤ እያስተያዩ ይፍረዱ።»

አጎቱ ስልኩን አንስተው ጉንጬ አጠገብ ያዙት። ሳብኩ። አፍንጫዬ ውስጥ በርበሬ የተደፋ መሰለኝ። አንዱ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ፤ ሌላው በግማሽ ቀርቶ ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከንፈሬ እየተሰበሰበ ሽቅብ ሲወጣ ይሰማኛል።

«ራሱ ነው!» ብለው ጮኹ አጎቱ። «አባ፣ ይምጡ ይዩ! ራሱ ነው! በእናቱ ላይ አይደለም!»

ከዚያ አስነጠስኩ፤ ያውም አጎቱ ጋቢ ላይ። «ይማርሽ!» አሉ ቄሱ። ደገምኩት። «ይማርሽ!» ሠለስኩት። ቄሱ ይማርሽ ማለት ሰለቻቸውና መሳቅ ጀመሩ። እንባዬን ስጠርግ ያን ድምፅ ሰማሁ፤ ከደረት የሚመጣውን፣ ሳምንታት ሙሉ የጠፋውን። ባለቤቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጥርሱን ሁሉ አውጥቶ፣ ግድግዳው እስኪመልስለት ይስቃል። እጁ ወደ አፉ አልሄደም።

ሳቁ ሲበርድ ባለቤቴ ቀና አለ። «አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ትናንት ማታ እኔም ጠይቄያታለሁ። አጠገቧ ቆሜ የነበርኩት ሰው፣ ሰዎች ሲደጋግሙት ተጠራጠርኩ። ስለዚህ ነው የተኳረፍነው።»

«እንኳንም መጣን!» አሉ አጎቱ ፊታቸው እየበራ። ያን ሁሉ መንገድ የመጡበት ክስ ውድቅ ሆኖባቸው ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ አሁን እውነተኛ ጉዳይ አገኙ። «በል ይቅርታ ጠይቃት።»

«ይቅር በይኝ» አለኝ። ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ፤ ሌላ ማስነጠስ እያስቸገረኝ።

ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት። ማታ ሳንነካው ያደረውን ድንች ወጥ አሙቄ አቀረብኩ። እየበላን ባለቤቴ ወደ እናቱ ደወለና ስልኩን ሰጠኝ።

«እማዬ፣ ያ ነገር ውሸት ነው፤ ማን እንደጻፈው እንኳ አናውቅም።»

«እኔ እኮ ልጄ፣ ቤቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ። «ግን ሳልለምን መከልከሌ ነው ያስለቀሰኝ።»

«እንግዲያው ይምጡ። መጥተው ፊቴን ራስዎ ይዩት።»

«በግድ እንዳይሆን።»

«ኧረ ሙሽራ ነኝ፤ እንግዳ የሚናፍቀኝ ጊዜ ነው!» ስል ከወዲያ ማዶ ሲስቁ ሰማሁ። የሳቃቸው ድምፅ የልጃቸው ነው።

ሽማግሌዎቹን አውቶቡስ ድረስ ሸኘናቸው። ስንመለስ ባለቤቴ ማተሚያ ቤት ጎራ እንበል አለኝና ያቺን ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሳተማት። ምን ልትሠራባት ነው ስለው አልነገረኝም። ሰኞ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ ለጠፋት። ተማሪዎቹ ይሳቁ አይሳቁ ግራ ገባቸው።

«ከሙሽሮቹ ኋላ የሚታየውን የመሬት አቀማመጥ ግለጹ» አላቸው። «ከፍታው፣ አየሩ፣ የሣሩ ዓይነት። ሣሩ ለምን ይጠቅማል? ማን ይጠብቀዋል? መቼ ይታጨዳል?»

ግማሾቹ የጓሳን ሣር ከሱ የተሻለ ያውቁታል፤ ቤታቸው በእሱ የተከደነ ልጆች ናቸው። እጅ ወጣ፣ ክርክር ተነሳ። በመጨረሻ አንዱ «ቲቸር፣ እሷስ ምን ሆና ነው?» ሲል ባለቤቴ የሱረቱን ነገር ከነአጎቱ ጋቢ አንድም ሳያስቀር ተረከላቸው። ክፍሉ ፈነዳ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። «ጥርሴን የቆረጠው ልጅ ንድፉ ጥሩ ነው፤ ካርታ ሲሥልም እንዲህ ይጠንቀቅ» ብሎ ወጣ። ያ ስቲከር ከዚያ ወዲያ እንዲሁ ሞተ። የጥርሱ ባለቤት ራሱ የሳቀበት ነገር ለማሾፍ አልመች አላቸው።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አንዲት ተማሪ ተከትላው ወጣች። አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ትምህርት የተወችው አሟት ሳይሆን በእንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ነገረችው። ልጅቷ በክረምት ማብቂያ ላይ ጭቃ ውስጥ ስትወድቅ ሰው ቀርጿት ኖሯል፤ ቪዲዮዋ ዘፈን ተጨምሮበት ሲዞር ቆይቷል። ከተማ ቤት ተከራይታ ስትማር ቆይታ፣ ስንቋን ጭና ወደ ቤተሰቦቿ ተመልሳለች።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ባለቤቴና እኔ በእግር ወደ መንደሯ ሄድን። አባቷ ገብስ ሲያበራዩ ደረስን። ቤተሰቡ «ራሷን ያማታል» ብለው ነው የሚያውቁት። ልጅቷን ለብቻዋ አጥሩ ሥር ተቀምጬ አነጋገርኳት። መጀመሪያ አንገቷን ደፋች። ስልኬን አውጥቼ የኔን ፎቶ አሳየኋት።

«አንቺ ነሽ?» አለች ቀና ብላ። አይታዋለች፤ ላልሳቅ ብላ ስትታገል አየኋት።

«ሳቂ፣ ያስቃል።»

ሳቀች። ከዚያ «እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ።

«አልቻልኩትም» አልኳት። «ከባሌ ጋር ተጣልቼ ነበር። ያገዘኝ ሰው መምጣቱ ነው። ለዚያ ነው እኛም የመጣነው።»

ብዙ ነገር አላልኩም። እናቷ ቆሎ አቀረቡልን፤ ስለ በጎቹ አወራን። ስንነሳ «ቪዲዮዋን የቀረጸችው የክፍሌ ልጅ ናት» አለች ለባለቤቴ። «እሷ እያለች አልመለስም።» እሱም እናየዋለን አላት።

ያየው እንዲህ ነው። ክፍሉ ከመሐሉ ሦስት ሽማግሌ እንዲመርጥ አደረገ። ተማሪዎቹ ጨዋታ መስሏቸው ተቀበሉ፤ አንዱ የአባቱን ጋቢ ተውሶ መጣ፣ ሌላዋ ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሰው አጣፋች። ቪዲዮ የቀረጸችውን ልጅ ይዘው መንደሩ ድረስ ሄዱ። በራፉ ላይ ሲደርሱ ግን ጨዋታው ቀረ አሉ። የልጅቷ አባት በእድሜ ልጆቹ የሆኑትን ሽማግሌዎች እንደ እውነተኛ ሽማግሌ ቆመው ተቀበሏቸው፤ እነሱም ደንግጠው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ቀራጯ አለቀሰች፤ ይቅርታ ጠየቀች፤ ቪዲዮዋን ከገጿ አጠፋች። ሌሎች ዘንድ ያለውን ማጥፋት እንደማትችል ስትናገር ነው ይበልጥ ያለቀሰችው። ልጅቷ በሳምንቱ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አሁን ሁለቱ አንድ ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ፤ ወጥ በተራ ይሠራሉ፣ በተራም ይጨቃጨቃሉ።

የኛ ፎቶ አልሞተችም። በየጊዜው አዲስ ጽሑፍ ተሸክማ ትመጣለች፤ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ አሁንም ይሰብራል። ስድቡን አላነበውም፤ ስልኩን አስቀምጬ ባለቤቴን እጠራዋለሁ፤ እሱም እንዲሁ ያደርጋል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አማቴ መጡ። አንድ ከረጢት በሶ፣ አንድ የበግ አጎዛ፣ አንድ ትልቅ ቅል ቅቤ ጭነው ከአውቶቡስ ወረዱ። ለሦስት ቀን ነው የመጣሁት አሉ። በሦስተኛው ቀን የጓሮው ጎመን አጠጣጥ አላማራቸውምና ለማስተካከል ቆዩ። በሳምንቱ ጎረቤታችን ወለደችና የምታርሳት የላትም ብለው ቆዩ። ከሥራ ስመለስ ደጃፉ ላይ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ተነስተው «መጣች፣ መጣች» እያሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ትኩስ ነገር ለማቅረብ ነው። ባለቤቴ «ከኔ ይልቅ እሷን ነው የምትጠብቂው» ብሎ ያኮርፋቸዋል። እሳቸውም «አንተን ሁሌ አይሃለሁ፤ እሷ አዲስ ናት» ይሉታል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል «እርሻው ይጠብቀኛል» ብለው ተነሱ። ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ዕቃቸውን ይዘን ሸኘናቸው። መስኮቱን ከፍተው እጄን ያዙና «ለመስቀል እናንተ ትመጣላችሁ፤ አሁን ተራው የኔ ነው ማስተናገድ» አሉኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጄን ገና አልለቀቁም ነበር፤ ረዳቱ «እማማ፣ ይልቀቋት እንጂ!» ብሎ እስኪጮህ ከጎን ከጎኑ እየሮጥኩ ተከተልኩ።